ሐኪሙ ያዕቆብ
የጄምስ ብሩስ ሕይወትና ወደ ኤውሮፓ የተሻገረው መጽሐፈ ሔኖክ

በአንድ ማለዳ በአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ በር አጠገብ ቆመን ሳለን፣ የፈረቃቸውን ሰዓት የሚጠባበቁ ሁለት ወጣቶች ሲከራከሩ ሰማን። የክርክራቸው መነሻ አንደኛው የለበሰው ካናቴራ ነበር። በካናቴራው ደረት ላይ ሦስት ማዕዘን ተሥሎ በመካከሉ አንድ ዓይን ይታያል። ጓደኛው ይህ የኢሉሚናቲ ምልክት መሆኑን እየነገረ እንዲያወልቀው ያስጠነቅቀዋል፤ ባለካናቴራው ደግሞ ልብሱን ከገበያ በርካሽ ገዛው እንጂ የማንም ማኅበርተኛ እንዳልሆነ ይምላል። ሰዓቱ ደርሶ በሩ ሲከፈት ክርክሩ ሳይፈጸም ሁለቱም ገቡ።

ይህን የመሰለ ወሬ በተማሪዎች ማደሪያም፣ በመሥሪያ ቤትም፣ በሻይ ቤትም የሚነገር ስለ ሆነ ለአንባቢዎቻችን አዲስ አይደለም። ኢሉሚናቲ የተባለው ማኅበር በእውነት የነበረ ነው። አዳም ቫይስሃውፕት የሚባል የሕግ መምህር በ1776 በባቫርያ አገር አቋቋመው፤ የአገሩ ገዥም በ1784 እና በ1785 ባወጣቸው አዋጆች ዐሥር ዓመት እንኳ ሳይሞላው አፈረሰው። ማኅበሩ የኖረው ከዐሥር ዓመት በታች ሲሆን ወሬው ግን ይኸው ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ኖረ። (በዚህ ጽሑፍ የምናነሣቸው ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ዓይኑንም ያየን እንደ ሆነ፣ በኤውሮፓ አብያተ ክርስቲያናት የእግዚአብሔር ጠባቂነት ምልክት ሆኖ ሲሣል የኖረ ነው፤ በእኛም አገር ደብተሮች በብራና በሚጽፉት ክታብ ላይ ትልልቅ ዓይኖች አፍጥጠው ይታያሉ። እንዲህ ከሆነ አገራችን ከምዕራባውያን የምስጢር ማኅበራት ጋራ አንዳች ግንኙነት ኖሯት ያውቃልን? ብሎ ለሚጠይቅ መልስ የሚሆነን የአንድ ሰው ሕይወት ነው። ይኸውም በጎንደር ያዕቆብ ተብሎ የታወቀው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው።

ብሩስ ዲሴምበር 14 ቀን 1730 በስኮትላንድ ኪናርድ በሚባለው የአባቱ ርስት ተወለደ። ቤተ ሰቡ ከስኮትላንድ ንጉሥ ከሮበርት ብሩስ ዘር እንቈጠራለን የሚል ነበርና በዚህ ትውልድ መኩራቱን እስኪሞት ድረስ አልተወም። እናቱ ገና በሕፃንነቱ ሞተችበት። በእንግሊዝ አገር በሐሮው ትምህርት ቤት ከተማረ በኋላ ወደ ኤዲንበርግ ተመልሶ ሕግ ማጥናት ጀመረ፤ ነገር ግን ሕጉም አልወደደው፣ እርሱም ሕጉን አልወደደው። ቁመቱ ከሰው ሁሉ የሚበልጥ፣ ጠጕሩ ቀይ፣ ድምፁ ነጐድጓድ፣ ቍጣውም ፈጣን ነበር።

በ1753 ብሩስ በኤዲንበርግ ከተማ ካኖንጌት ኪልዊኒንግ በተባለው ሎጅ ገብቶ ፍሪሜሰን ሆነ። የቃሉ ትርጕም ነጻ ግንበኛ ማለት ነው። ማኅበሩ ከድንጋይ ጠራቢዎች ሙያ ማኅበር ተነሥቶ ቀስ በቀስ መኳንንት፣ ነጋዴዎችና ሊቃውንት የሚገቡበት ሆነ። ታላቁ ሎጅ በሎንዶን በ1717፣ በስኮትላንድም በ1736 ቆመ። አባላቱ በደረጃ ይገባሉ፤ በየደረጃው መሐላ፣ የእጅ ምልክትና የይለፍ ቃል አለ፤ ሥርዓታቸውም ሁሉ በሰሎሞን ቤተ መቅደስ አሠራር ምሳሌ የተቀረጸ ነው። በዚያው በዐሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት በፈረንሳይ አገር ከፍ ያሉ ደረጃዎች ሲጨመሩ ከእነርሱ አንዱ የሔኖክን ስም ያዘ። ትውፊቱም ሔኖክ ከጥፋት ውሃ በፊት ከመሬት በታች ክፍል ሠርቶ የአምላክን ስም በዚያ ሸሸገ የሚል ነው። ሔኖክ በዚያ ዘመን ለእነዚህ ሰዎች የጠፋ ዕውቀት ሁሉ አባት ነበር። ስለ ምን ቢሉ መጽሐፉ ጠፍቶባቸው ነበርና።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ማለት ይገባናል። መጽሐፈ ሔኖክ በጥንት ክርስቲያኖች ዘንድ የተነበበ፣ ሐዋርያው ይሁዳም በመልእክቱ ያነሣው መጽሐፍ ነው። ከዘጠነኛው መቶ ዓመት ወዲህ ግን ከኤውሮፓ ጠፋ፤ አንድ ግሪካዊ ጸሐፊ ቀድቶ ካቈያቸው ጥቂት ክፍሎች በቀር ያየው አልነበረም። ሰው የጠፋበትን ነገር ደግሞ በምኞቱ ይሞላዋል። የንግሥት ኤልሳቤጥ ዘመን የሒሳብ ሊቅ ጆን ዲ ከ1582 ጀምሮ ኤድዋርድ ኬሊ ከሚባል ሰው ጋራ በመስተዋትና በጠራ ድንጋይ ውስጥ መላእክትን እናያለን ብለው ተቀመጡ፤ አዳምና ሔኖክ የተናገሩበት ነው ያሉትን ቋንቋ ከነፊደሉና ከነሠንጠረዡ ጻፉ። ዲ ከተጠቀመባቸው ዕቃዎች መካከል እንደ ሆነ የሚነገርለት ጥቁር መስተዋት ዛሬ በሎንዶን በብሪቲሽ ሙዚየም አለ፤ በ2021 የወጣ ጥናትም ድንጋዩ ከሜክሲኮ የመጣ መሆኑን አስረድቷል። የሚገርመን ነገር፣ ዲ ሻማ አብርቶ በድንጋይ ውስጥ ሲፈልገው የነበረውን መጽሐፍ በዚያው ዘመን የኢትዮጵያ መነኮሳት በቀለምና በብራና ይገለብጡት ነበር። በእኛ ዘንድ ሔኖክ ምስጢር አልነበረም፤ ከመጻሕፍተ ብሉያት አንዱ ሆኖ የሚቈጠር፣ የባሕረ ሐሳብ መምህራንም ለዘመን ቈጠራ የሚጠቅሱት ነው።

በሚከተለው መቶ ዓመት ፔሬስክ የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ አንድ የግእዝ ብራና ሔኖክ ነው ተብሎ ገዛ። ግእዝን ከኢትዮጵያዊው ከአባ ጎርጎርዮስ የተማረው ጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ ግን ብራናውን መርምሮ ሌላ መጽሐፍ መሆኑን ገለጸ። ከዚያ በኋላ ኤውሮፓ ተስፋ ቈረጠች። ብሩስ ግእዝ የተማረው ከዚሁ ከሉዶልፍ መጻሕፍት ነው።

ወደ ሰውየው እንመለስ። በ1754 አድሪያና አላን የምትባል የወይን ነጋዴ ልጅ አገባ፤ በዚያው ዓመት በጥቅምት በፓሪስ ከተማ በሳምባ ነቀርሳ ሞተችበትና በሌሊት ቀበራት። ሐዘኑን በጕዞና በቋንቋ ትምህርት ለመርሳት ሞከረ። አባቱም በ1758 ሲሞት ርስቱን ወረሰ። በርስቱ የድንጋይ ከሰል ነበረበት፤ በአጠገቡም በ1759 የካሮን የብረት ፋብሪካ ተቋቋመ። ፋብሪካው ለምድጃው የሚያቃጥለውን ከሰል ከብሩስ ይገዛ ስለ ነበረ፣ ወደ ዓባይ ምንጭ ላደረሰው ጕዞ ገንዘብ የተገኘው ከእሳትና ከብረት ነው ለማለት ይቻላል። ይህን በኢንዱስትሪ ፓርክ ለሚሠሩ አንባቢዎቻችን ብንነግራቸው የማይከፋቸው ይመስለናል።

በ1763 በአልጄርስ የእንግሊዝ ቆንሲል ሆነ። ከዚያም በቱኒስና በትሪፖሊ አልፎ፣ መርከብ ተሰብሮበት፣ በባሕር ዳር ተደብድቦ፣ በሶርያ ፍርስራሾችን እየሣለ፣ በሐለብ ከአንድ ስኮትላንዳዊ ሐኪም ሕክምና እየተማረ በ1768 ካይሮ ደረሰ። በዚህ ሁሉ ሉዊጂ ባሉጋኒ የተባለ የቦሎኛ ተወላጅ ወጣት ሠዓሊ አብሮት ነበር። ይህን ስም አንባቢ በልቡ ያኑርልን።

በላይኛው ግብፅ ሲያልፍ ብሩስ በጤቤስ አጠገብ አንድ የቅብጥ ጽሑፍ ገዛ። ስለ ይዘቱ ብዙም የተረዳው አይመስለንም። ኋላ ሊቃውንት ሲመረምሩት ነፍስ ከሥጋ ተለይታ በሰማያት ስታልፍ ለየበሩ ጠባቂዎች የምታሳየውን ማኅተምና የምትጠራውን የምስጢር ስም የያዘ፣ ሥዕሎቹም በክብና በመስመር የተሠሩ የግኖስቲኮች መጽሐፍ ሆኖ ተገኘ። ብሩስ ይህን ከረጢቱ ውስጥ ይዞ ሴፕቴምበር 1769 በምጽዋ ወረደ፤ ወደ አክሱምም በጃንዋሪ 1770፣ ወደ ጎንደርም በፌብርዋሪ ገባ። የገባበት አገር ይህንኑ የመሰለ ጽሑፍ ልፋፈ ጽድቅ ብሎ ከሟች ጋራ የሚቀብር አገር ነበር፤ በዚያም ውስጥ ነፍስ በምስጢር ስሞች ኃይል የሰማይን በሮች ታልፋለች። ሁለቱን ጽሑፎች ያወዳደሩ ሊቃውንት ዝምድናቸውን ይመሰክራሉ። ብሩስ ግን አንዱን በከረጢቱ ይዞ ሌላው በሚጻፍበት ከተማ ሁለት ዓመት ያህል ሲኖር ይህን ዝምድና ማስተዋሉ አይታይም።

ጎንደር በዚያ ጊዜ በደም የራሰች ከተማ ነበረች። ራስ ሚካኤል ስሑል ዐፄ ኢዮአስን በ1769 አስገድለው ወጣቱን ዐፄ ተክለ ሃይማኖትን አንግሠው ነበር። ብሩስ ሲደርስ ራስ ሚካኤል ዘመቻ ላይ ናቸው፤ በቍስቋም ቤተ መንግሥት ግን ፈንጣጣ ገብቶ የመኳንንት ልጆች ይሞታሉ። እቴጌ ምንትዋብ ነጩን ሐኪም አስጠሩት። እርሱም በጨርቅ የተጋረደውን መስኮትና በር አስከፍቶ ነፋስ አስገባ፤ ቤቱን በዕጣንና በከርቤ አሳጠነ፤ በሙቅ ውሃና በሆምጣጤም አሳጠበ። የወይዘሮ አስቴር ልጅ ኮንፉ ከሞት ተረፈ። ወይዘሮ አስቴር የእቴጌይቱ ልጅ የራስ ሚካኤልም ባለቤት ስለ ነበሩ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤተ መንግሥቱ በር ሁሉ ለሐኪሙ ተከፈተለት።

ሌላው ወሬ የጠመንጃው ነው። ከራስ ሚካኤል ዘመዶች አንዱ በተኩስ ሲኰራበት፣ ብሩስ በእርሳስ ጥይት ፈንታ የጧፍ ቍራጭ በጠመንጃ ጐርሶ ሦስት ጋሻ በሳ። ይህ የጥንቆላ ሥራ ሳይሆን የባሩድና የፍጥነት ነገር መሆኑን ፊዚክስ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን ብሩስ ራሱ እንደ ጻፈው ከተመለከቱት ካህናት አንዳንዶቹ በክታብ ኃይል የተደረገ ነው ብለው ነገሩን በዚያው ዘጉት። እኛም ስናነበው ሳቅ መጣብን፤ ወዲያው ግን በአዳማ ያየነው ካናቴራ ትዝ አለንና ሳቃችንን ዋጥነው።

እቴጌ ምንትዋብ ይህን ሰው የወደዱትን ያህል ምኞቱን አልተረዱለትም። እርሳቸው የነገሥታት እናት ሆነው ሠላሳ ዓመት ከዙፋን ሳይርቁ ኖረው ሳለ፣ የቀረላቸው ምኞት ኢየሩሳሌም ሄዶ በመቃብረ ክርስቶስ ደጅ እየለመኑ መሞት ብቻ መሆኑን፣ እርሱ ግን ከዚያው ከኢየሩሳሌም አገር ተነሥቶ ተሸክሞት ሊሄድ የማይችለውን ረግረግና ወንዝ ለማየት መምጣቱን ነግረው የሰው ልጅ ጠባይ ምን ያህል የተገላቢጦሽ እንደ ሆነ አስታወሱት። ብሩስ ይህን በመጽሐፉ ማስፈሩ የሚያስመሰግነው ነው።

ኖቬምበር 4 ቀን 1770 ግሽ ዓባይ ደረሰ። ምንጩ በአገሩ አገዎች ዘንድ የተቀደሰ ነበርና ጫማውን አውልቆ ወረደ፤ ከውሃውም በኮኮነት ቅል ቀድቶ ስለ ንጉሡ ስለ ጆርጅ ሦስተኛ ጤና ጠጣ። ጥቂት ቈይቶ ደስታው ሁሉ ወደ ትካዜ ተለወጠበት። ከእርሱ በፊት ግን ፔድሮ ፓኤዝ የሚባል እስፓኛዊ ካህን ኤፕሪል 1618 ያንኑ ምንጭ አይቶ ጽፏል። ብሩስ ይህን ለመቀበል እንቢ አለ፤ የፓኤዝን ምስክርነት ለማፍረስም ብዙ ገጽ አጠፋ።

ከዚህ የከፋውም የባሉጋኒ ነገር ነው። ሠዓሊው ከብሩስ ጋራ ወደ ግሽ ዓባይ ሄዷል፤ በመንገድም የአየሩን ሁኔታ በማስታወሻ ይዟል። በኋላም ጎንደር ላይ በበሽታ ሞተ። ብሩስ ግን በመጽሐፉ ጕዞው ከመጀመሩ በፊት እንደ ሞተ አድርጎ ጻፈ። ምንጩን ያየ ኤውሮፓዊ እርሱ ብቻ እንዲሆን ፈልጓልና የወዳጁን የሞት ቀን ወደ ኋላ ገፋው። በሎጁ ውስጥ ለወንድም ታማኝ እንዲሆን የማለ ሰው ነው! ከእርሱ ምስጢሮች ሁሉ እኛን የሚያሳዝነን ይህ ነው፤ ማኅተምም የይለፍ ቃልም የለበትም፤ አንድ የሐሰት ቀን ብቻ ነው።

ብሩስ በ1771 በሠርባኩሳ የተደረገውን ጦርነትና የራስ ሚካኤልን ውድቀት አይቶ በዓመቱ መጨረሻ ከጎንደር ወጣ። በስናርና በኑብያ በረሃ በጥም ሊሞት ደርሶ ግመሎቹ ሲያልቁ ሻንጣዎቹን አሸዋ ላይ ጥሎ አስዋን ገባ፤ ከዚያም ተመልሶ ወረቀቶቹን ከበረሃው አነሣ። ያ ቀን ባይሳካለት ኖሮ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ሁሉ አሸዋ ይበላው ነበር። በሻንጣው ውስጥ ክብረ ነገሥት፣ ታሪከ ነገሥትና ሦስት ቅጂ መጽሐፈ ሔኖክ ነበሩና።

በ1773 ፓሪስ ሲደርስ ከሦስቱ አንዱን ያማረ ቅጂ ለፈረንሳይ ንጉሥ ቤተ መጻሕፍት ሰጠ። ወሬው ሎንዶን በተሰማ ጊዜ ቮይዴ የተባለ የቋንቋ ሊቅ ብሩስ እንግሊዝ አገር እስኪገባ መታገሥ አቅቶት፣ ከመንግሥት ደብዳቤ ይዞ ወደ ፓሪስ ገሠገሠና መጽሐፉን ገለበጠ። ሁለተኛው ቅጂ ለኦክስፎርድ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ተሰጠ፤ ሦስተኛው በብሩስ እጅ ቀረ። ይሁን እንጂ ሊቃውንቱ ምኞታቸው በእጃቸው ከገባ በኋላ ዝም አሉ፤ ሪቻርድ ሎረንስ ወደ እንግሊዝኛ ተርጕሞ ያሳተመው በ1821 ነው፤ ብሩስ ከሞተ ሃያ ሰባት ዓመት በኋላ።

የምስጢር ማኅበራት ሰዎች መጽሐፉ በታተመ ጊዜ ምን አገኙ? በ1888 ሦስት ፍሪሜሰኖች በሎንዶን ወርቃማ ንጋት የሚባለውን ማኅበር አቋቋሙ፤ ማኅበሩ ሴቶችንም ይቀበላል፤ በልብሰ ተክህኖ፣ በሠይፍ፣ በዕጣንና በመላእክት ስም አስማትን በሥርዓት መፈጸም ያስተምራል። ሔኖካዊ ብለው የጠሩት ጥበብ ግን ከእኛ መጽሐፍ የተወሰደ አይደለም፤ የጆን ዲ ቋንቋና ሠንጠረዥ ነው። ዲ ከሞተ ከ160 ዓመት በላይ ቈይቶ ብሩስ ወደ ኤውሮፓ ያስገባውን መጽሐፍ ከዚህ ጋራ የሚያደባልቁ ብዙዎች ናቸው፤ ስሙ እንጂ ነገሩ አይገናኝም። እንዲያውም መጽሐፈ ሔኖክን ገልጦ ያነበበ ሰው ተቃራኒውን ያገኛል። በመጽሐፉ ሁለት መቶ መላእክት ወደ አርሞንኤም ተራራ ወርደው የሰውን ሴቶች ልጆች ያገባሉ፤ ድግምትን፣ ሥር መማስን፣ የከዋክብትን ንባብ፣ ሠይፍና ጋሻ መሥራትንም ያስተምራሉ፤ ስለዚህም ይፈረድባቸዋል። አስማተኞች ለዘመናት የፈለጉት መጽሐፍ ሲገኝ የአስማት ክስ ሆኖ ተገኘ።

በዘመናችንም ግራሃም ሃንኮክ የተባለ ብሪታንያዊ ጸሐፊ በ1992 ባሳተመው መጽሐፍ ብሩስ ፍሪሜሰን ስለ ነበረ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው የዓባይን ምንጭ ሳይሆን ታቦተ ጽዮንን ፍለጋ ነው ብሎ ነበር። እኛ ይህን ለመቀበል እንቸገራለን። ብሩስ በአክሱም የቈየው ጥቂት ነው፤ በመጽሐፉም በዚያ የነበረው ነገር በግራኝ ዘመን ጠፍቷል ሲል ጽፏል፤ ይህን ማለቱ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ባይጥመንም። የሎጅ አባልነት በዚያ ዘመን ለስኮትላንድ ጨዋ ሰው እንደ ዕድር ያለ ነገር ነበር፤ የሳሙኤል ጆንሰንን ሕይወት የጻፈው ቦስዌልም፣ ባለቅኔው ሮበርት በርንስም በዚያው ሎጅ ተመዝግበዋል። ብሩስ ድግምት ደገመ፣ መናፍስት ጠራ የሚል አንድ ወረቀት አላገኘንም። ሌሊት የሚያስጨንቀው ክብሩ ነበር።

ክብሩም በሕይወቱ ሳለ አልተገኘለትም። በ1774 ሎንዶን ሲገባ መጀመሪያ በአድናቆት ሰሙት፤ ቀጥሎ ግን ከቁም ከብት ሥጋ ቈርጠው ጥሬውን ሲበሉ አየሁ ያለው ነገር ሳሎኖቹን ሁሉ አሣቀ። ስለ ኢትዮጵያ ከመጻሕፍት ብቻ የጻፈው ዶክተር ጆንሰን ብሩስ ጭራሽ ወደዚያ አልሄደም እስከ መጠራጠር ደረሰ። ብሩስ ተቈጥቶ ወደ ኪናርድ ሄደ፤ በ1776 ሁለተኛ ሚስት ማሪ ዳንዳስን አገባ፤ እርስዋም በ1785 ሞተች። ከዚያ በኋላ ነው ተቀምጦ የጻፈው። አምስቱ ቅጽ በ1790 ታተሙ፤ ሁለት ዓመት ቈይቶም የውሸታሙ የባሮን ሙንሃውዘን ታሪክ ተጨማሪ ክፍል ለእርሱ መታሰቢያ ተብሎ በፌዝ ወጣ። ኋላ በ1800ዎቹ ወደ አገራችን የመጡ መንገደኞች የጻፈው አብዛኛው ትክክል መሆኑን መሰከሩለት፤ እርሱ ግን አልሰማም። ኤፕሪል 1794 በቤቱ ግብዣ አድርጎ ሳለ አንዲትን እመቤት ወደ ሠረገላዋ ለመሸኘት ሲፋጠን ከደረጃው ላይ ወደቀ። ከምጽዋ ናይብ፣ ከጎንደር ጦርነትና ከኑብያ አሸዋ ያመለጠው ሰው በማግሥቱ በገዛ ቤቱ ሞተ። በላርበርት ቤተ ክርስቲያን ከማሪ አጠገብ ተቀበረ።

የእርሱ ብራናዎች በ1840ዎቹ ወደ ቦድሊያን ገቡ፤ የቅብጡ ጽሑፍም ብሩስ ኮዴክስ ተብሎ እስከ ዛሬ በዚያ አለ። በ1952 ደግሞ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻ የመጽሐፈ ሔኖክ የአራማይስጥ ቍርጥራጮች ተገኙ፤ መጽሐፉ ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበረ መሆኑም ታወቀ። ቍርጥራጮቹን የሚያነቡ ሊቃውንት የጐደለውን የሚሞሉት ከግእዙ ነው። ሙሉው መጽሐፍ በሌላ ቋንቋ አልተገኘምና።

የባሉጋኒ ሥዕሎች አብዛኛዎቹ በአሜሪካ በየል ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ። ከሣላቸው ዕፀዋት አንዱ ዋጊኖስ ነው፤ ባላገሩ ለተቅማጥ በሽታ የሚጠጣው፣ ብሩስም በታመመ ጊዜ የተፈወሰበት። የዕፀዋት ሊቃውንት ለዚህ ተክል ስም ሲያወጡለት ብሩሴያ አሉት። ሥዕሉን ያየ ሁሉ ቅጠሉን፣ አበባውንና ፍሬውን የሣለው የማን እጅ እንደ ሆነ ሳያውቅ ለብዙ ዘመን የብሩስን ስም እያነበበ አለፈ።